ጉድጓድ ከማስቆፈራችሁ በፊት ጄሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ ጠይቁ

ጥያቄ፦ «የተወለድኩት ደቡብ ወሎ ውስጥ ባለች የገጠር ጎጥ ነው። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በጎጡ ወደ 120 አባወራ አለ። አንድ የእጅ ፓምፕ ነበረን፤ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። እናቶቻችን የሚቀዱት ከወንዝ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከመንደሩ በላይ አንዲት ምንጭ አለች። ግን ቀጭን ስለሆነች ማንም አይቆጥራትም። እዚህ ያለን የአገር ልጆች 18,000 ዶላር አዋጥተናል። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ውሃውን በሶላር ልናወጣ ነው። አንድ ቆፋሪ በሦስት ሳምንት ጨርሼ አስረክባለሁ ብሎናል። ከጥልቀት የሚወጣ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ መመርመርም ማከምም አያስፈልግም ተብለናል። ካልሆነም ለየቤቱ ማጣሪያ ገዝተን ልንልክ አስበናል። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ውል ካልፈረማችሁ አትፈርሙ። ከፈረማችሁም ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ። ጥልቅ ጉድጓድ በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለእናንተ መንደር የመጨረሻ መሆን ያለበትን አማራጭ መጀመሪያ ስላመጣችሁት ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ጠቅሰው ቶሎ አልፈዋቸዋል። አንዱ የቆመው ፓምፕ ነው። ሌላው ማንም የማይቆጥራት ምንጭ ናት። እኔ የምጀምረው ከነዚህ ነው።

ፓምፑ ለምን ቆመ? ጥያቄዎ ላይ ምክንያቱ የለም። ብዙ ጊዜ መንደሩም አያውቀውም፤ «ተበላሸ» ብቻ ይባላል። ይህን ሳታውቁ ሌላ ነገር አትትከሉ። መለዋወጫ የሚገዛ ገንዘብ ጠፍቶ፣ ወይም የሚጠግን ሰው ጠፍቶ ከሆነ የቆመው፣ ያው ችግር ሶላሩንም ያቆመዋል። እንዲያውም ሶላሩ ይብሳል። የእጅ ፓምፕ ጎማ ወረዳ ከተማ ሊገኝ ይችላል። የተቃጠለ የሶላር ኮንትሮለርን ግን ማን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ያመጣዋል?

በገጠራችን በብዛት የተተከለው የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ የሚባለው ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ካለው ውሃ ይስባል። ሲሠራም የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ፒስተኑንና የታችኛውን ቫልቭ ለማውጣት ቱቦውን መንቀል አያስፈልግም። ክዳኑን በአንድ መፍቻ ከፍቶ ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ማውጣት ነው። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ ጎማ፣ የቫልቩ ጎማና እጀታው የሚንቀሳቀስበት ቡሽ ናቸው። ሦስቱም ተደምረው አንድ መዳፍ አይሞሉም።

ምርመራውን ከሜሪላንድ ሆነው በስልክ መጀመር ይችላሉ። የሚደውሉት ግን ለቀበሌ ሹም ሳይሆን ውሃ ትቀዳ ለነበረች ሴት ይሁን። «እጀታው ሲነቀነቅ ይከብዳል ወይስ ባዶ ነው?» ብለው ይጠይቋት። ባዶ ከሆነ ዘንጉ ተለያይቷል ወይም ተበጥሷል። «ከመቆሙ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ብዙ ከነቀነቃችሁ በኋላ ነበር የሚመጣው?» አዎ ካለችዎ የታችኛው ቫልቭ ያፈሳል። ሌሊቱን በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል ማለት ነው። «አንድ ሁለት ጄሪካን ከሞላ በኋላ ተቋርጦ፣ ሲያርፍ ይመለስ ነበር?» ይህ ከሆነ ችግሩ ፓምፑ ላይ አይደለም፤ ጉድጓዱ ውሃ አጥሮታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዕቃው ካለ በግማሽ ቀን ያልቃሉ። ሦስተኛው ነው የሚያስቸግረው።

አንድ ጊዜ በሰሜን በኩል ባለ አንድ ቀበሌ ከዓመት በላይ የቆመ ፓምፕ ከፍተን ነበር። ያገኘነው የተበላ ጎማ ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ሥራው ከጠዋት እስከ ምሳ አልፈጀም። ውሃው ሲመጣ አንዲት እናት ከወንዝ ተሸክማ ያመጣችውን ጄሪካን ገና ከጀርባዋ አላወረደችም ነበር። ገመዱን ፈታች፣ የወንዙን ውሃ መሬት ላይ ደፋችው፣ ከፓምፑ ቀዳች። ምንም አልተናገረች። ያንን ጎማ ለመግዛት አሥራ አምስት ወር ሙሉ የማን ኃላፊነት እንደነበር ግን ኮሚቴው ሊነግረን አልቻለም። እዚህ ሙያ ውስጥ ከቆየሁ ወዲህ ከደረቅ ጉድጓድ ይልቅ ባለቤት ያጣ ፓምፕ ነው በብዛት የገጠመኝ።

አሁን ወደ ምንጯ። «ቀጭን ናት» የሚለው ቃል መለኪያ አይደለም። ምንጭን ዓይን አይለካውም። የሚለካው በጄሪካንና በሰዓት ነው።

በሒሳብ ላሳይዎት። 120 አባወራ ማለት በግምት 600 ሰው ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው የገጠር መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። በዚህ መለኪያ መንደሩ በቀን 15,000 ሊትር ይፈልጋል። አሁን አንድ 20 ሊትር ጄሪካን በ80 ሴኮንድ የምትሞላ ምንጭ አስቡ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ለሚያየው ሰው ውሃ አትመስልም። ግን ቀንና ሌሊት ስትፈስ 21,600 ሊትር ትሰጣለች። ከሚያስፈልገው በላይ ነው። የጎደለው የሌሊቱን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ብቻ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ በ12 ሰዓት ውስጥ ወደ 10,800 ሊትር ዝም ብሎ ይፈስሳል። ወደ 11 ሜትር ኩብ የሚይዝ የድንጋይና የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ብትገነቡ ጠዋት ቦኖው ሲከፈት ያ ሁሉ ውሃ ይጠብቃችኋል። ምንጯ ከመንደሩ በላይ ናት ብለዋል። እንግዲያው ፓምፕ የለ፣ ሶላር የለ፣ ነዳጅ የለ፤ ውሃው በቁልቁለቱ ራሱ ይወርዳል። በአርሲ የሂጦሳን መስመር ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ከባዳ ተራራ ምንጭ ተነስቶ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቱቦ በቁልቁለት ብቻ ብዙ መንደሮችንና ከተሞችን ያጠጣ መስመር ነው፤ እያስከፈለ የሚያስተዳድረውም ተጠቃሚው ሕዝብ ነው።

የሚለካበትን ወቅት ግን ተጠንቀቁ። በጥቅምት ሁሉም ምንጭ ጀግና ነው። መለካት ያለበት ውሃ በሚያንስበት ጊዜ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል ይህ ግንቦት ነው። ወሎ ግን በልግ አለው። በልጉ ጥሩ ከዘነበ የግንቦት ልኬት ያታልላችኋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጥር መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ክረምቱ ሊገባ ሲል ለኩ። ከልኬቱ ጋር ሽማግሌ ጠይቁ። «በ77 ደርቃ ነበር? በ2008ቱ ድርቅስ?» በ77 ያልነጠፈች ምንጭ ወሎ ውስጥ ትልቅ ሀብት ናት።

ምንጯን ማጎልበት ከባድ ምሕንድስና አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ዓይኗ ድረስ በእጅ ይቆፈራል፤ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል፤ ከላይ በሸክላ አፈርና በኮንክሪት ይታሸጋል። ከበላይዋ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይወጣል። ዙሪያዋ ይታጠራል። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ከታች፣ ራቅ ብሎ ይሠራል። ይህን ገንዳ «በኋላ እንሠራዋለን» ብላችሁ አትተዉት። ከብቱ መጠጫ ካጣ አጥሩ ይፈርሳል። በቅርቧ ባሕር ዛፍ ካለ ይቆረጥ፣ አዲስም አይተከል። ውሃው ከዓይኗ ሲወጣ ግፊት እንዳይበዛበት ደግሞ የሞላው ሁልጊዜ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይኑረው። ምንጭ መውጫው ከታፈነ አቅጣጫውን ቀይሮ ሊጠፋ ይችላል። ሲጠፋ አይቻለሁ፤ መልሶ ማምጣት አልተቻለም።

ሌላው ጉዳይ ምንጯ የማን ማሳ ላይ ናት የሚለው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ለመጠጥና ለቤት አገልግሎትም ቅድሚያ ይሰጣል። ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። ግን በዚያች ውሃ ጓሮውን የሚያጠጣ፣ ጌሾውን የሚያለማ ሰው ካለ ሕግ ጠቅሳችሁ ብቻ አትሂዱበት። ሽማግሌ ይቀመጥ፤ የሚተርፈው ውሃ ለእሱ እንዲሆን በጽሑፍ ይስማማ። ምንጯ ጸበል ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቁት የደብሩ አገልጋዮች ናቸው። ይህን ያልጠየቀ ፕሮጀክት ሲሚንቶ ከመድረሱ በፊት ሲቆም አይቻለሁ።

«ከጥልቀት የወጣ ውሃ ንጹሕ ነው» የተባላችሁት ግማሽ እውነት ነው። ጥልቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ከጀርም ይጠበቃል። ከድንጋዩ የሚሟሟ ነገር ግን ይዞ ይመጣል። ወንጂን፣ መቂን፣ የዝዋይን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ጥርሳቸው የቡና ቀለም የያዘ ልጆች አይቷል። ያ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ። ሲበዛ ከጥርስ አልፎ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አያስወግደውም። እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። የእናንተ ጎጥ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባትሆንም ያልተመረመረ ውሃ ንጹሕ ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት። የጉድጓድም ሆነ የምንጭ ውሃ ከመከፈቱ በፊት ለጀርምም ለማዕድንም ይመርመር። ወጪው ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው።

ስለ ሦስት ሳምንቱም ልናገር። ደጋው ወሎ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውሃው የሚገኘው በስንጥቁ ውስጥ ነው። ስንጥቁን ካገኛችሁ ውሃ አለ፤ በጥቂት ሜትር ከሳታችሁት ደረቅ ጉድጓድ ነው። ለዚህ ነው ማሽን ከመንቀሳቀሱ በፊት የከርሰ ምድር ጥናት የሚሠራው። ቆፋሪያችሁ ጥናት አሳይቷችኋል? ደረቅ ቢወጣ ማን ይከፍላል? ውሃ ቢወጣስ፣ በቂ መሆኑን ለማወቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ያለማቋረጥ ተስቦ ይፈተሻል ወይ? ለሥራውስ ፈቃድ አለው? በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ከላይ የጠቀስኩት የውሃ አዋጅ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለማሽን ቁፋሮ ግን ይጠይቃል። ለነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ ሊያስረክባችሁ የሚችለው ቀዳዳ እንጂ ውሃ አይደለም። ገንዘባችሁም ለቁፋሮ፣ ለሶላር፣ ለማጠራቀሚያና ለቦኖ በአንድ ላይ አይበቃም። ግማሽ ላይ የሚቀር ሥራ ደግሞ ከምንም አይሻልም፤ የሚቀጥለውን መዋጮ ይገድላል።

ለየቤቱ ማጣሪያ መላክን እንደ ዋና መፍትሔ አልደግፈውም። ማጣሪያ የወንዙን መንገድ አያሳጥርም። እናትዎ ያንኑ ሁለት ሰዓት ተጉዘው፣ ያንኑ 20 ኪሎ ተሸክመው ነው የሚያጣሩት። የተሸከሙት ደግሞ ለመጠጥ ብቻ ይበቃል። የልጆችን ፊት ለማጠብ አይተርፍም። ትራኮማ በሞላበት አካባቢ ይህ የዓይን ጉዳይ ነው። የማጣሪያው ሸክላ ሲሰበርም ምትኩ እዚያ የለም።

እስከዚያ ድረስ ግን፣ ሥራው እስኪያልቅ፣ የወንዙ ውሃ መታከም አለበት። ውሃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን ካለ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ይርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ክሎሪን በደፈረሰ ውሃ ላይ ጉልበት ያጣል። የሚያፈሉም ከሆነ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። ለሁሉም ቤት በየቀኑ የሚሆን ማገዶ ከየት ይምጣ የሚለውን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ለሕፃናትና ለታመመ ሰው ቅድሚያ ይሰጥ።

ቦኖው ላይ ንጹሕ የሆነ ውሃ ቤት ሲደርስ ሊበከል እንደሚችልም እወቁ። ጄሪካን አፉ ጠባብ ነው፣ ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል። ጠጠርና ጥቂት ውሃ ከትቶ በደንብ መነቅነቅ ያጸዳዋል። የመቅጃው ኩባያ እጀታ ያለው ይሁን፤ ጣት ውሃው ውስጥ አይግባ። ሽንት ቤትም ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከበላዩም አይሁን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለአንድ ግለሰብ አካውንት አትላኩ፤ ወንድም ቢሆንም። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ ከ2003 እ.አ.አ. ጀምሮ ተሞክሮ የተሳካ መንገድ አለ። ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ በሆነው ማለት ነው፣ በቀጥታ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ይለቀቃል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ወረዳው ባለሙያ ይመድባል፣ ይቆጣጠራል። አሠራሩ ኋላ ላይ ኮዋሽ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎችም ሄዷል። ሲሚንቶውን ራሱ የገዛ ሰው ቧንቧው ሲፈስ ዝም አይልም። እናንተም ይህንኑ አድርጉ። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ። ገንዘብ ያዥዋ ሴት ትሁን። ውሃው ሲቆም ወንዝ የምትወርደው እሷ ናትና ጎማ መግዣ አታዘገይም።

ወርኃዊ ክፍያም ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር። ለዚህ አዲስ ማኅበር አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ቅሬ መዋጮ መሰብሰብም፣ ያልከፈለን መቅጣትም፣ የሌለውን መማርም ያውቅበታል። እያንዳንዱ አባወራ በወር 20 ብር ቢያወጣ በዓመት 28,800 ብር ይሆናል። ጎማ ይገዛል፣ ለጠባቂ ይከፍላል። «እኛ ከውጭ እንልካለን፣ እነሱ አይክፈሉ» የሚል የአገር ልጅ በመካከላችሁ አይጠፋም። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን እናንተ መላክ ባቆማችሁ ቀን ውሃውም ይቆማል።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ስለ ፓምፑ ደውሉ፤ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ከፍቶ እንዲያየው ጠይቁ። የሚጠገን ከሆነ ይጠገን፤ አንድ ጤነኛ የእጅ ፓምፕ ለ300 ሰው ያህል ይበቃል። ምንጯን በሁለቱ ወቅቶች ለኩ። 20 ሊትር ጄሪካን ከ90 ሴኮንድ በታች የምትሞላ ከሆነ ምንጯ ብቻዋን ለመንደሩ ትበቃለች፤ ገንዘቡ ለማጎልበቻ፣ ለማጠራቀሚያ፣ ለቱቦና ለሁለት ቦኖ ይዋል። ከ90 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ ከወሰደች ምንጯና የተጠገነው ፓምፕ አንድ ላይ ይበቃሉ። ከ18,000ው ዶላር 4,000ውን ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መጠባበቂያ አስቀምጡ፤ ለምረቃ ድግስም ለሐውልትም አይነካ።

ፓምፑ የተተከለበት ጉድጓድ ውሃ ያጠረው ከሆነና ምንጯም ከ3 ደቂቃ በላይ ከወሰደች፣ ያኔ ስለ ጥልቅ ጉድጓድ እናወራለን። ያኔ ግን ብቻችሁን አትግቡበት። የያዛችሁት ገንዘብ ለከርሰ ምድር ጥናቱና ለመንደሩ ድርሻ ይሁን፤ ቁፋሮው በወረዳውና በዞኑ ዕቅድ ውስጥ እንዲገባ ጥናቱን ይዛችሁ ሂዱ።